ለእናት ክትባት ወይስ ለሕፃኑ መርፌ? ከአርኤስቪ መከላከያዎች የቱን ልምረጥ?

ኖቬምበር አጋማሽ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ በደንብ አልጨረሰችም።

«33 ሳምንት ሞላኝ። ሐኪሜ ‹አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ አለ፣ ወይ አንቺ ትከተቢያለሽ ወይ ሕፃኗ ስትወለድ መርፌ ትወጋለች፣ አስቢበት› አለችኝ። ምኑን ነው የማስበው? አንተ ፋርማሲ አይደል እንዴ የምትሠራው? ንገረኛ!»

እኔ የምሠራው አሜሪካ ነው። በዚህ ወቅት ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማለሁ። አጭሩ መልስ «የመውለጃ ቀንሽን ንገሪኝ» ነው። እሷ ግን በአጭር መልስ የምትለቅ ሰው አይደለችም። ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ ካልገባት አትወስንም። እውነቷን ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ቫይረሱ ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ማየት ያስፈልጋል። ምርጫው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያች ላይ ነው።

የተጠመደ ወጥመድ

አርኤስቪ ለእኔና ለእናንተ ተራ ጉንፋን ነው። ለሦስት ወር ሕፃን ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ቀጫጭኖቹ የሳንባ ቱቦዎች ይወርዳል፣ ቱቦዎቹ ያብጣሉ፣ በአክታ ይደፈናሉ። ሕፃኑ ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል፣ ጡት መያዝ ያቅተዋል። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን ሆስፒታል በማስተኛት የሚቀድመው የለም።

ቫይረሱ ላዩ ላይ ኤፍ የሚባል ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን ሁለት ቅርጽ አለው። የመጀመሪያው አጠር ያለና ድፍን ነው፣ እንጨት ላይ እንደተሰካ ከረሜላ። ሁለተኛው ረጅምና ቀጭን ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አይመለስም።

የአይጥ ወጥመድ አስቡ። ሲጠመድ ሽቦው ተወጥሮ ወደ ኋላ ተይዟል። ነካ ሲያደርጉት ይፈናጠራል። የኤፍ ፕሮቲንም በመጀመሪያው ቅርጹ እንደዚያ የተጠመደ ነው። ሆዱ ውስጥ ስለታም ጫፍ ደብቋል። ሲፈናጠር ጫፉ ወደ ፊት ተወርውሮ የሴላችን ሽፋን ላይ ይሰካል። ከዚያ ፕሮቲኑ እንደ ፀጉር መርፌ መሃሉ ላይ ይታጠፍና ሁለቱን ሽፋኖች፣ የቫይረሱንና የሴሉን፣ ጎትቶ ያጋጥማቸዋል። ሽፋኖቹ ይቀላቀላሉ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ሌሎች ቫይረሶችም በዚሁ ዘዴ ነው የሚኖሩት፣ ወጥመዱን የሚያስፈነጥረው ይለያይ እንጂ። የኢንፍሉዌንዛው ሴሉ ከዋጠው በኋላ አሲድ እስኪነካው ይጠብቃል። የኤችአይቪ መጀመሪያ ሲዲ4 የሚባለውን ተቀባይ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ተቀባይ መያዝ አለበት። የአርኤስቪ ወጥመድ ግን ክፉ ዐመል አለው። ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜም ይፈናጠራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ላይ ተቀምጦ እንኳ።

የክትባት ሠሪዎች ሃምሳ ዓመት መከራ እዚህ ላይ ነው የተጀመረው።

በተፈናጠረ ወጥመድ ማሠልጠን

በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቫይረሱን በፎርማሊን ገድለው ለሕፃናት ሰጡ። ውጤቱ የሚዘገንን ነበር። ዋሽንግተን በተደረገው ሙከራ፣ ከተከተቡት መካከል በኋላ ቫይረሱ ከያዛቸው ሕፃናት 80 በመቶው ሆስፒታል ገቡ። ካልተከተቡት የገቡት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ከምክንያቶቹ አንዱ የታወቀው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። በዚያ ክትባት ውስጥ የነበረው ፕሮቲን በአብዛኛው የተፈናጠረው ነበር። ሰውነት ሠለጠነ፣ ግን ሥራውን ጨርሶ የወደቀውን ወጥመድ እንዲያውቅ ነው የሠለጠነው።

ከዚያ በኋላ ለአርኤስቪ ክትባት እሠራለሁ የሚል ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

በሩ የተከፈተው በ2013 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግርሃምና ፒተር ክዎንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የተጠመደውን ኤፍ ቅርጽ አሳዩ። ጫፉ ላይ፣ አናቱ አካባቢ፣ ሲፈናጠር የሚጠፋ ቦታ አገኙ። «ሳይት ዜሮ» ብለው ሰየሙት። በጣም ኃይለኞቹ አንቲቦዲዎች (ሐኪሞቻችን ፀረ እንግዳ አካላት የሚሏቸው) የሚይዙት እሱን ነው።

ቀጥሎ ወጥመዱ እንዳይፈናጠር አደረጉት። አሠራሩን ሳስበው የእናቴ ቤት ትዝ ይለኛል። አንደኛ፣ ፕሮቲኑ ሲፈናጠር የሚለያዩ ሁለት ቦታዎችን በሰልፈር ድልድይ አያያዙ፣ ልክ በመርፌ ቁልፍ እንደማያያዝ። ሁለተኛ፣ ሆዱ ውስጥ የነበረውን ባዶ ጎድጓዳ ወፈር ባሉ አሚኖ አሲዶች ሞሉት። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ሽብልቅ አይደል የሚገባበት? ሽብልቅ አስገቡበት። በቃ። ፕሮቲኑ ተጠምዶ ቀረ።

የኮቪድን የፋይዘር ወይም የሞደርና ክትባት የወሰዳችሁ ይህን ብልሃት ቀምሳችሁታል። እዚያም የቫይረሱ ሾህ እንዳይፈናጠር ሁለት ፕሮሊን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ገብተውበታል። ከዚያ ሥራ ጀርባ ያሉት ማክሌላንና ግርሃም ራሳቸው ናቸው። ኮቪድ ሲመጣ ክትባቱ እንደዚያ የፈጠነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ገበያ ላይ ያሉትን እንያቸው።

ለእናት፦ አብሪስቮ

የፋይዘር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች የተፈቀደው በኦገስት 2023 ነው። ውስጡ በተጠመደ ቅርጹ የተያዘ የኤፍ ፕሮቲን አለ፣ «ኤ» እና «ቢ» ለሚባሉት ለሁለቱም የቫይረሱ ዓይነቶች። እናትየው ክንዷ ላይ አንዴ ትወጋለች። ሰውነቷ አንቲቦዲ ይሠራል፣ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ሕፃኑ ስንቁን ይዞ ይወለዳል።

ይህ መንገድ ጊዜ ይፈልጋል። አንቲቦዲው መሠራት አለበት፣ ከዚያ መሻገር አለበት። ስለዚህ ከተወጋችበት ቀን እስከ ምጡ ቢያንስ 14 ቀን ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ከተወለደ ሕፃኑ እንዳልተከተበ ይቆጠራል።

ሙከራው ላይ ከባድ ሕመምን በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት በ81.8 በመቶ ቀነሰ፣ እስከ 180 ቀን ሲታይ በ69.4 በመቶ። ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ከተከተቡት መካከል ያለ ጊዜው የወለዱት 5.7 በመቶ፣ ካልተከተቡት 4.7 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ክትባቱ ነው ለማለት የሚያበቃ አይደለም፣ ሆኖም የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ጥንቃቄን መረጠ። ከ32 እስከ 36 ሳምንት ብቻ ነው የፈቀደው። ቫይረሱ በብዛት የሚመጣው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ስለሆነ፣ እዚህ የሚሰጠውም በአብዛኛው ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ ነው።

ሌላው ሊያመልጣችሁ የማይገባ፦ ባለፈው እርግዝናሽ ይህን ክትባት ወስደሽ ከነበረ፣ በአሜሪካ መመሪያ አሁን ድጋሚ አይሰጥሽም። ለዚህኛው ልጅ ያለው መንገድ የሕፃኑ መርፌ ነው።

ለሕፃኑ፦ ቤይፎርተስ እና ኤንፍሎንሲያ

እነዚህ በትክክል ሲነገር ክትባት አይደሉም። ሰውነትን አያሠለጥኑም። ተሠርቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው በቀጥታ የሚሰጡት። እናቶች ብዙ ጊዜ «ገና በተወለደች በማግስቱ ክትባት?» ብለው ሲሸሹ ይህን እነግራቸዋለሁ። የሕፃኗ ሰውነት ምንም አይታዘዝም። ዘበኛ ተቀጠረላት በሉት።

ቤይፎርተስ፣ የመድኃኒቱ ስም ኒርሴቪማብ፣ ያችን ሳይት ዜሮ የሚይዝ ነው። የተጠመደውን ወጥመድ አናቱን ጨብጦ እንዳይፈናጠር ያደርጋል። በደም ውስጥ እንዲቆይ ተደርጎ ስለተሻሻለ ግማሹ እስኪጠፋ 71 ቀን ገደማ ይወስዳል። አንዴ ተወግቶ ለአምስት ወር ይበቃል። ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን 50 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 100 ነው። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና እንግሊዝ ውስጥ በ8 ሺህ ገደማ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት ሆስፒታል መተኛትን በ83.2 በመቶ ቀንሷል።

ኤንፍሎንሲያ፣ ክሌስሮቪማብ፣ አዲሱ ነው። የመርክ ነው፣ በጁን 2025 ተፈቀደ። ለሁሉም ሕፃን አንድ መጠን ነው፣ 105 ሚሊግራም፣ ክብደት አይታይም። ለሥራ ይቀላል። ሙከራው ላይ በአምስት ወር ውስጥ ሆስፒታል መተኛትን በ84.2 በመቶ ቀነሰ።

እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ አቋረጠችኝ። «ይኼኛውም ያንን ዜሮውን ነው የሚይዘው?» አይደለም። እሱ የሚይዘው በሁለቱም ቅርጾች ላይ ያለ ሌላ ቦታ ነው። «ታዲያ የተፈናጠረውንም ይይዛል፣ አይባክንም?» ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ከ1998 ጀምሮ የነበረው የድሮው አንቲቦዲ፣ ፓሊቪዙማብም፣ በሁለቱም ቅርጾች ላይ ያለ ቦታ ነበር የሚይዘው፣ ደካማ ነበር፣ በየወሩ እየተወጋ እስከ አምስት ጊዜ ይደርስ ነበር፣ የሚሰጠውም በጣም ለሚያሰጋቸው ሕፃናት ብቻ ነበር። ክሌስሮቪማብ ግን በያዘው ቦታ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ በደምም ይቆያል። ለአንቲቦዲ ዋናው ጥያቄ «ወጥመዱን ሳይፈናጠር ያስቆመዋል ወይ?» የሚለው ነው። ለክትባት ግን ቅርጹ ሁሉም ነገር ነው። ሰውነት የሚማረው ያሳየነውን ብቻ ነዋ።

ሁለቱን አንቲቦዲዎች ፊት ለፊት ያወዳደረ ሙከራ ላይ ተመሥርቼ አይደለም የማወራው። 83 እና 84 ብሎ ማበላለጥ ሞኝነት ነው። እኔ ሆስፒታሉ ያለውን ውሰጂ እላለሁ። የሚለያዩበት አንድ ቦታ አለ። ሕፃኑ የሳንባ ሕመም ወይም የበሽታ መከላከል ችግር ኖሮት ለሁለተኛው የአርኤስቪ ወቅት ጥበቃ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ለዚያ የተፈቀደው ኒርሴቪማብ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳታቸው ቀላል ነው። የተወጋበት ቦታ ያብጣል፣ አንዳንዴ ሽፍታ ይወጣል። ለእናቲቱ ክትባት ደግሞ የክንድ ሕመም፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም።

ታዲያ የቱ?

ለአብዛኛው ሰው ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ሁለቱንም መደራረብ አያስፈልግም።

32 ሳምንት አልፎሽ፣ ወቅቱም ሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ ከሆነ፣ ያለፈው እርግዝናሽም በሰላም ጊዜውን የጨረሰ ከሆነ፣ የእናት ክትባት ምቹ ነው። ሕፃኑ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጥበቃ አለው። ከሆስፒታል ስትወጡ «መርፌው ዛሬ አልቋል፣ የሕፃናት ሐኪማችሁ ጋ ጠይቁ» የሚል መልስ አያሳስብሽም። ይህ መልስ ደግሞ ይመጣል፣ እመኑኝ።

ያለ ጊዜሽ ወልደሽ የምታውቂ ከሆነ፣ ወይም የምትወልጂው ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከሆነ፣ የሕፃኑን መርፌ እመርጣለሁ። ጥበቃው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይወርድ የሚቆየውም እሱ ነው። ጃንዋሪ እስኪያልፍ ያልተከተብሽ ከሆነም ወደዚሁ ነሽ። በአሜሪካ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ፣ የተወለደ ልጅ ደግሞ ኦክቶበር ሲገባ ገና 8 ወር ካልሞላው ይወስዳል።

ስለ ገንዘብ፦ ኒርሴቪማብ አሜሪካ ሲገባ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ 495 ዶላር ነበር፣ የእናት ክትባት 295። ኢንሹራንስ ያላችሁ ብዙውን ጊዜ ከኪስ አትከፍሉም፣ ግን ቀድማችሁ ደውሉ። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው ወይም ኢንሹራንስ የሌላቸው ልጆች በመንግሥቱ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በኩል መርፌውን በነፃ ያገኛሉ። ይህን የማያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው።

አያትስ?

የእኛ ቤት ነገር ይታወቃል። ልጅ ሲወለድ እናት ከአዲስ አበባ አራስ ልትጠይቅ ትመጣለች። አክስቴም ትኬታቸው ተቆርጦ ነበር። 76 ዓመታቸው ነው። አርኤስቪ ሕፃንን ብቻ አይደለም የሚጥለው፣ ሽማግሌም ይጥላል። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ፣ ከ50 እስከ 74 ላለውም የልብ፣ የሳንባ፣ የስኳር ወይም የመሳሰለ ሕመም ካለበት፣ አንድ ጊዜ ክትባት ይመከራል። በየዓመቱ አይደለም።

ለትልልቆች ሦስት አሉ። ያው አብሪስቮ አለ። ጂኤስኬ የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ አሬክስቪ አለ፣ በሜይ 2023 ከሁሉም ቀድሞ የተፈቀደው፣ ፕሮቲኑ በዚያው በመርፌ ቁልፍና በሽብልቁ የተያዘው ነው፣ ላዩ ላይ የሰውነትን ምላሽ የሚያጎላ ንጥረ ነገር ተጨምሮበታል። የሞደርና ኤምሬስቪያም አለ፣ ኤምአርኤንኤ ነው፣ ፕሮቲኑን ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ሦስቱም የሚያሳዩት የተጠመደውን ቅርጽ ነው። በየሙከራው «ሕመም» የተባለው ስለሚለያይ ፐርሰንታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አይቻልም። ጊላን ባሬ የሚባል የነርቭ ሕመም ታሪክ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ያማክር። አብሪስቮና አሬክስቪ ላይ በ2025 ማስጠንቀቂያ ተጨምሯል፣ ግምቱ በሚሊዮን ክትባት ከ7 እስከ 9 ተጨማሪ ሰው ነው። ለ76 ዓመት ሰው ሚዛኑ ወደ መከተብ ያደላል ባይ ነኝ። የጎብኚ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ክትባት ስለማይከፍል ወጪው ከኪስ ነው፣ ተዘጋጁ።

አሁን አንድ ነገር በደማቁ ልጻፍ። አሬክስቪ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጂኤስኬ በነፍሰ ጡሮች ላይ የጀመረውን ሙከራ በፌብሩዋሪ 2022 አቁሟል፣ ያለ ጊዜው መውለድ ስለጨመረ፣ 6.8 በመቶ ከ4.9 አንጻር። ሆኖም በስህተት የተወጉ ነፍሰ ጡሮች እንዳሉ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ አስጠንቅቋል። እኛ ፍሪጅ ውስጥ ሁለቱን በተለያየ መደርደሪያ ነው የምናስቀምጣቸው። አሬክስቪ ሁለት ብልቃጥ ነው፣ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ፈሳሽ። አብሪስቮ ዱቄቱ ከነፈሳሹ ሲሪንጅ ጋር ይመጣል። ከመወጋትሽ በፊት «ስሙን አሳዪኝ» በይ። ማንም አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ።

የምትኖሩበት አገርም ይወስናል

ምርጫው ሁሌ የእናንተ አይደለም። እንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ከ28 ሳምንት በኋላ እናትን ትከትባለች፣ አንቲቦዲውን ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ለሚያሰጋቸው ነው የምታቆየው። ጀርመን በተቃራኒው ለሁሉም ሕፃን ኒርሴቪማብ ትመክራለች። ከበርሊን ወደ ለንደን ስልክ የሚደዋወሉ ሁለት እህትማማቾች «ሐኪምሽ ተሳስታለች» እንዳይባባሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም መደበኛው የክትባት ዝርዝር ውስጥ ገና አልገቡም። የሚያናድደው ይህ ነው። በ2019 በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ከ100 ሺህ በላይ ሕፃናት በአርኤስቪ ሰበብ ሞተዋል ተብሎ ይገመታል፣ ከ100 ሟች ከ95 በላዩ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። የእናት ክትባቱን የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2025 ብቁ ብሎ መዝግቦታል፣ ይህ ለድሃ አገሮች የሚገዛበትን መንገድ ይከፍታል። እስኪደርስ ድረስ ጡት ማጥባት፣ እጅ መታጠብ፣ ጉንፋን የያዘውን እንግዳ ከአራስ ቤት ማራቅ ነው ያለው። ሕፃን መሳም የምንወድ ሕዝብ ነን፣ ይከብዳል። ለክርስትናው ቀን ቤቱ ሲሞላ ደግሞ ይብስ። ቢያንስ «ግንባሯን ሳይሆን እግሯን ሳሙ» ብሎ መከልከል ይቻላል። የትም ሁኑ፣ ሕፃኑ በጣም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠበቅም።

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በ35 ሳምንት ነው። ያን ስትነግረኝ ነገሩ አለቀ። 33 ሲደመር 14 ቀን ድንበሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ የሕፃኗን መርፌ መረጠች። ሕፃኗ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቆይታ በ36 ሳምንቷ መጣች፣ ማለትም ክትባቱም ይደርስ ነበር። ምን ይደረግ።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ነርሷ መርፌውን ይዛ ገባች። የ50 ሚሊግራሙ መግፊያ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ ከሩቅ አወቅኩት። 2.7 ኪሎዋ እመቤት ጭኗ ላይ ተወጋች፣ አንዴ ጮኸች፣ ጡቷን ያዘች። አክስቴ በእኛ ፋርማሲ ባለፈው ሳምንት የተወጉትን ክንዳቸውን እያሹ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ የእሷ ከእኔው ያነሰ ነው፤ ለዚህች ነው ያን ሁሉ ስለ አይጥ ወጥመድ ያወራኸው?»